ማሟያው

«የኛን ቤት ሰው ተወው፤ እሱን አልጠራሁትም። አቶ ኦሞድ ግን ሽማግሌዎቹን ይዘው ዛሬ ከሰዓት ይምጡ፤ እንዳይቀሩ አደራ። ከዚህ በኋላ መርፌው መቼ እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ነሲባ ይህን የሰማችው ሱብሂ ሰግዳ ስጋጃዋን ስታጥፍ ነው። ተናጋሪዋ የባሏ ታናሽ እህት ፈትሂያ ናት፤ ላም ከሚባል የጤና ጣቢያ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ነበር የምታወራው። ፈትሂያ ነርስ ናት፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ከነሲባ ቤት ጋር የምትዋሰን አንዲት ክፍል ይዛ ትኖራለች። የሚያዋስናቸው የቺፑድ ግድግዳ ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ስለ ቀረ በአንዱ ቤት ላነጠሰው በሌላው ቤት ይመረቃል። ነሲባ የሰው ስልክ ላለመስማት ጆሮዋን የምትይዝ ሴት ነበረች ብንል ደስ ባለን፤ ግን አልነበረችም። ስጋጃውን በክንዷ እንደ ያዘች ግድግዳው ሥር ቆመች። ከዚያ ወዲያ የተሰማው የፈትሂያ ጫማና የበር መዝጊያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ነገሩ ክትባት ነው። የኮሮና ክትባት ጋምቤላ የገባው ለአመል ያህል ነበር፤ ለሽማግሌና ለበሽተኛ ይቅደም ተብሎ፣ ቀን እየተቆረጠ፣ ሰው በስልክ እየተጠራ ይሰጣል። ለእነሱ ሰፈር ቀን የምትቆርጠውም የምትደውለውም ፈትሂያ ናት። የነሲባ ባል አብራር ስልሳን አልፏል፤ ስኳርም አለበት። ባለፈው ወር ከሱቃቸው ማዶ ቅመም ይሸጥ የነበረ ጎረቤታቸው፣ እሱም እንደ አብራር ስኳር የነበረበት፣ ጉንፋን ነው ብሎ ተኝቶ ሳምንት ሳይሞላው ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ አብራር በተኛበት አንድ ጊዜ ካሳለ ነሲባ ነቅታ ሁለተኛውን ሳል ትጠብቃለች፤ ሁለተኛው ሳይመጣ ሲቀር እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም። ክትባቱ ከተማ ገባ ሲባል በልቧ «ተመስገን፣ የቤታችን ልጅ ናት የምትጠራው» ብላ ነበር። ፈትሂያ ግን ጠዋት ስትወጣ ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች፤ ማታ ስትገባ ሰላምታ ሰጥታ ትገባለች፤ «ጋሼ ነገ ና» የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም። ነሲባም አልጠየቀችም። መጠየቅ መለመን መሰላት። ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም፤ ማን ቀድሞ ይናገር እየተባባሉ እንደ ኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ከጠብ ይብሳል፤ ጠብ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ዝምታ ግን ማን ይገባበታል?

አብራር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መድኃኒቱን እያየ ነበር። ረመዳን በገባ ጊዜ ሐኪሙ አትጹም ብሎታል። እሱ ግን መድኃኒቱን ለማፍጠሪያና ለሱሁር አካፍሎ ይጾማል፤ ነሲባ ስትቆጣው «የጾመኛ ዱዓ አይመለስም፤ ባልጾም በምኔ እለምናለሁ?» ይላታል። የሰማችውን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች። «ተራዬ ሲደርስ ትጠራኛለች» ነው የሚል። የእህቱን ስም በክፉ ያነሣ ሰው ፊት የሚያሳየው ዝምታ ደግሞ አለ፤ ነሲባ በትዳሯ ዘመን ሁሉ ከዚያ ዝምታ ጋር ታግላ አሸንፋው አታውቅም። ስለዚህ ነገሩን በሆዷ ይዛ ሱቅ ከፈተች፤ ሆዷ ግን ነገር የሚያድርበት ሆድ አልነበረም።

ያን ቀን ሙቀቱ ከማለዳው ነው የጀመረው። ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ የባሮ ወንዝ ትንፋሽ እንኳ ገበያው ሳይደርስ እየሞተ ይቀራል። ነሲባ ተምሩን ከጉንዳን ለማዳን ሣጥኑን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አቆመች፣ የላስቲክ ጫማዎቹን በገመድ ሰቀለች፣ ስኳር ስንት ገባ ለሚሏት ሁሉ የጨመረውን ዋጋ እየነገረች ከእነሱ ጋር አብራ ተማረረች። ነጋዴ ዋጋ ሲጨምር ከገዢው እኩል የሚማረረው ለምን እንደ ሆነ የገባው ሰው ካለ ይንገረን። በዚህ መሃል አቶ ኦሞድ መጡ። አቶ ኦሞድ በባሮ ላይ ጀልባ ሲነዱ ያረጁ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ የሆኑ አኙዋ ናቸው። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ የተናገሩትን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

«ሳሙና ስጪኝ» አሉ። «ሸሚዝ አጥባለሁ። ዛሬ መርፌ አለኝ።»

«መርፌ?» አለች ነሲባ፣ እንዳልሰማ ሰው።

«ፈትሂያ ጠራችኝ። ጥሩ ልጅ። እኔና አምስት ሽማግሌ፣ አብረን እንሄዳለን።»

ነሲባ ሳሙናውን አውርዳ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ልቧ ውስጥ የነደደው ቅናት ነበር። ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራለች፤ «ፍትሕ» ብላዋለች፣ «የዘመድ ወግ» ብላዋለች፤ ግን እኚህ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን አጥበው ሊከተቡ ነው፣ የእሷ ባል ግን ሱቁ ጀርባ ተኝቶ ያስላል፤ ያቃጠላት ይኸው ነው።

«እርስዎ ዕድለኛ ነዎት አቶ ኦሞድ። የኛ ቤት ሰው አልተጠራም።»

«አብራር? ስኳር አለው፣ አይደል?»

«አለበት እንጂ! የገዛ ወንድሟ ነው፤ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ለእናንተ ስትደውል እሱን ዘለለችው። ዛሬ ጠዋት በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ‹የኛን ቤት ሰው ተወው› ስትል።»

«ተወው አለች?»

«ወላሂ፣ ተወው አለች።»

አቶ ኦሞድ ሳሙናውን አንሥተው በእጃቸው አገላበጡት። «በኛ ቤት» አሉ ቀስ ብለው «ጥሩ ዓሣ የተያዘ ቀን መጀመሪያ የሚበላው ወንድም ነው። ለወንድም ያልሰጡት ዓሣ…» ቃሉን አልጨረሱትም። ነሲባ ያዘኑላት መሰላትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እውነትዎን ነው አቶ ኦሞድ» አለች። ሽማግሌው ሳሙናውን መልሰው ባንኮኒው ላይ አኖሩት፤ «ይቆይ» ብለው ወጡ። ነሲባ ዋጋው ከብዷቸው ነው ብላ አሰበች፤ ሳሙናም እንደ ሌላው ሁሉ ጨምሮ ነበርና። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ ልቧ ቀለል ብሏት፣ ለሚቀጥለው ገዢ ተምር መዘነች።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሳኒ መጣ። ሳኒ ባጃጅ ይነዳል፤ ሰውና ወሬ አብሮ ይጭናል፤ ለወሬው አያስከፍልም። ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አቁሞ አንገቱን አስገባ። «ነሲባ፣ ሰማሽ? መርፌውን ደገኞቹ ለራሳቸው አይነኩትም አሉ። እኛን ማለታቸው ነው እኮ! የነርሷ ወንድም እንኳ ተወው ተብሏል አሉ፤ መጀመሪያ በአገሬው ሰው ላይ ሊሞክሩት ነው አሉ። ኒውላንድ ሰፈር ድረስ ወሬው ይኸው ነው።» ነሲባ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ማነው ያለው?» አለች። «እኔ እንጃ። ከታመነ ሰው አፍ ነው የሰማነው ይላሉ» አለና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ነሲባ ባንኮኒው ላይ የቀረውን ሳሙና አየች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር። ሰውየው ሸሚዛቸውን ላያጥቡ ነው የሄዱት። እሷ ያለችው ባሌ ተበደለ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ግን ለወንድም የማይሰጥ ዓሣ የሸተተ ዓሣ መሆኑን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእሷ ቃል አፋፉንም አልፎ ወንዙን ተሻግሯል። ቢሆንም ሰው ለራሱ ጥሩ ጠበቃ ነው፤ ነሲባም ለራሷ ተከራከረች። እኔ መርፌው ክፉ ነው አልኩ? አላልኩም። ደገኛ፣ አገሬው አልኩ? አላልኩም። ሳሙናውን አንሥታ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ፈትሂያ ነበረች። «እትዬ ነሲባ፣ ጋሼን ይዘሽው ነይ፤ አሁኑኑ። ለማንም እንዳትናገሩ።» ነሲባ ደስታዋን ሳትጨርሰው ጥርጣሬዋ ቀደማት። ለምን አሁን? ለምን ለማንም አትናገሩ? የማን ትርፍ ነው ለኛ የመጣው? ሱቁን ዘግታ አብራርን በክንዱ ይዛ ስትሄድ ይህን እያኘከች ነበር። አብራር ግን ጥላ ጥላውን እየተከተለ፣ አፉ በጾም ደርቆ ፊቱ ፈክቶ፣ «አላልኩሽም? ተራዬ ደረሰ» አላት።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰው ብቻ ተቀምጧል። ዳር ላይ ያሉት ኛዱዎፕ የሚባሉ ኑዌር አሮጊት ናቸው፤ ከሩቅ መንደር ነው የመጡት፤ ጫማቸውን አውልቀው ጎናቸው አኑረው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። ፈትሂያ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ከእግሯ ሥር ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን አለ። ወንድሟን አስቀምጣ ነሲባን በክንዷ ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። እንዲህ ይዛት አታውቅም።

«አቶ ኦሞድ አልመጡም» አለች። «ላም ቤታቸው ሄዶ ነበር፤ ‹አንመጣም› ብለው መለሱት። ለምን ቢላቸው ዝም አሉ።»

«ሳይመጡ ቢቀሩስ? ለአብራር ስጪው እንጂ፤ እዚህ ነው ያለው።»

«አይሆንም እትዬ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ ሰው ሳይሞላ አትክፈቱ ተብለናል። ያለኝ ይህ አንድ ብልቃጥ ነው፤ ሳይመሽ መኪና መጥቶ ያልተከፈተውን ለሌላ ወረዳ ይወስደዋል።»

ፈትሂያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ታናሽ እህት ነበር የምትናገረው። «ጋሼን ሆን ብዬ ነው ያልጠራሁት። ስሙን ከፊት ብጠራ ወንድሟን አስቀደመች ይሉኛል፤ አለቃዬም ከሥራው ያነሣኛል። ለማሟያ ነው ያስቀመጥኩት። የተቀጠረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አያውቅም፤ ማሟያ ሆኖ ለገባ ሰው ደግሞ ማንም አፉን አይከፍትም። ባለፈው ልጠራው ስል ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ የመጡ ሠራተኞች ቦታውን ሞሉት። ለዛሬ ግን ዘጠኝ ሰው ብቻ ቀጥሬ አንዱን ክፍት ተውኩት። የጋሼ ነው። ሌሊት ሲያስል እኔም እሰማዋለሁ እኮ፤ ግድግዳው ያው ነው።»

«ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም?» አለች ነሲባ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ሱቅ ላይ ነው የምትውይው እትዬ» አለች ፈትሂያ ለስለስ አድርጋ።

ነሲባ «እኔ ልሂድና ልጥራቸው» ብላ ከግቢው ወጣች። የአቶ ኦሞድ ቤት ሩቅ አይደለም፤ እሷ ግን በዚያ ፀሐይ ነጠላዋን ሳታስተካክል እየሮጠች ነው የደረሰችው። ሽማግሌዎቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ፤ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ስብሰባ ተነሥተው ሌላ ስብሰባ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። አቶ ኦሞድ ሸሚዝ አልለበሱም፤ በካናቴራ ነበሩ። ወንበር አስመጡላት። አልተቀመጠችም።

«አቶ ኦሞድ፣ አብራር ተጠርቷል! እዚያ ተቀምጦ ነው የመጣሁት። ተነሡ፣ እናንተን ነው የሚጠብቁት።»

«ጠዋት ተወው አለች፤ አሁን ጠራችው» አሉ አቶ ኦሞድ። «ምን ተለወጠ?»

«ምንም አልተለወጠም። ጠዋትም አስባለት ነበር።»

«አንቺ ዘለለችው አልሽ። በጆሮዬ አልሽ። ወላሂ አልሽ።»

ስድስቱም ሽማግሌዎች ያዩዋታል። ክፋት በዓይናቸው አልነበረም፤ መልስ ነበር የሚጠብቁት። መልሱም አጭር ነበር። ቀንቼ ነው፣ እርስዎ ከባሌ ቀድመው ስለ ተጠሩ አንጀቴ አሮ ነው፣ ስለ መርፌው አንድ ክፉ ነገር አላውቅም ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ይህን ብትል ይነሡ ነበር፤ አቶ ኦሞድ ቀስ ብለው ሸሚዛቸውን አምጡ ይሉ ነበር። ነሲባ ቃሉን እስከ ምላሷ አደረሰችው። ከዚያ ነገ ጠዋት እነዚህ ስድስት ሰዎች በሱቋ በር ሲያልፉ ታያት፤ «በሽማግሌ መርፌ የቀናችው ያቺ ናት» ሲሉ ታያት፤ ወሬው ዞሮ ከአብራር ጆሮ ሲገባም ታያት። ቃሉን ዋጠችው።

«እኔ እንጃ» አለች። «ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው። የሰው ወሬ አትስሙ።»

«ሰው» አሉ አቶ ኦሞድ፤ ቃሉን ጠዋት ሳሙናውን እንዳገላበጡት አገላበጡት። «ሰው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ቢያወራ አንሰማም። ዘመድ ናት፣ ታውቃለች ብለን ነው የሰማነው። አሁን ኑ ብትይን፣ ሰው ጎድሎባቸው ነው እንላለን።» ከዚያ ውሃ እንዲሰጧት አዘዙ፤ ጾመኛ መሆኗን አስታውሰውም ይቅርታ ጠየቁ። ነሲባን ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይህ ይቅርታ ነው።

ስትመለስ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ፈትሂያ አንገቷን ወደ መንገዱ አሰገገች፤ ነሲባ ብቻዋን መሆኗን ስታይ አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም። ሾፌሩ መንገድ ላይ የሰማውን የመርፌውን ወሬ ለአብራር ነግሮ ሲያበቃ መሽቷል እያለ ይነጫነጫል። አንዱ በሽተኛ «እኛ አራታችን አለን፤ ክፈቺልን» ብሎ ለመናት። «ለአራት ሰው ከፍቼ የስድስት ሰው አልደፋም» አለች ፈትሂያ የሣጥኑን ክዳን አጥብቃ እየዘጋች። ብልቃጡ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ሣጥኑ መኪናው ላይ ተጫነ። ያቺ ብልቃጥ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ የአብራርም ድርሻ እዚያው ውስጥ ነበረ። አሮጊቷ ኛዱዎፕ ጫማቸውን አጥልቀው ማንንም ሳይወቅሱ የመጡበትን ሩቅ መንገድ ያዙ። አብራር እስከ ትከሻው ሰብስቦት የነበረውን እጅጌ ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ፤ ቁልፉንም ቆለፈ።

ሦስቱም ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ላይ አብራር ሁለት ጊዜ አሳለ። ነሲባ ሁለቱንም ሳል ሰማች፤ ፈትሂያም ሰማች። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ተምርና ውሃ ቀረበ። ፀሐይዋ ከወንዙ ማዶ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል፤ አዛን እስኪል ድረስ ይጠባበቃሉ። ሌላ ቀን ፈትሂያ በክፍሏ ነበር የምታፈጥረው፤ ዛሬ ወንድሟ አጠገቡ አስቀመጣት።

አብራር መዳፎቹን ዘረጋ። ለሞቱት ወላጆቹ ዱዓ አደረገ። ለጎረቤቱ ለቅመም ነጋዴው አደረገ። እህቱ ስለ ለፋችው ልፋት አደረገ። ሁለቱ ሴቶች እየተከተሉ አሚን አሉ። ከዚያ ድምፁ ከበድ አለ፤ ነሲባ ባሏ ሰው ሲራገም ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ይህን ወሬ አውርቶ ያንን ሁሉ ሰው ያስቀረውን፣ እኔንም በባዶ የመለሰኝን፣ አላህ የእጁን ይስጠው።»

ፈትሂያ አሚን አላለችም። አንገቷን ደፍታ የውሃውን ብርጭቆ ታያለች። ነሲባ ያን ጊዜ ነው የገባት። ፈትሂያ ታውቃለች። ምናልባት ላም ነግሯታል፣ ምናልባት ሳኒ ጭኖ አድርሶላታል፣ ወይም ጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ሆና ፊቷን አይታ ነው የነቃችው። አውቃ ነው ያልጠየቀቻት፤ አውቃም ነው አሁን አሚን ያላለች። ነሲባ የዚያችን ልጅ ዝምታ ዕድሜዋን ሙሉ ንፉግነት አድርጋ ስትቆጥረው ኖራለች።

«ምነው?» አለ አብራር፣ መዳፎቹ በአየር ላይ እንደ ተዘረጉ፤ አንዷንም ሌላዋንም አየ። «አሚን የሚል ጠፋ?»

አዛኑ ከመስጊዱ ማማ ላይ ተሰማ። ነሲባ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሣች።

«አሚን» አለች።